ስልሳ ኩስኩስት

ግንቦት 18 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ መካነ ሰላም

ይህን ደብተር የገዛሁት የሥራ ነገር ልጽፍበት ነው። ምሬት አልጽፍበትም። ምሬት ከፈለግሁ ደጅ ወጥቼ ከሳዑዲ ተመላሾቹ ጋር መቀመጥ ይበቃኛል።

ሥራው ይህ ነው። አራጋው ቆርቆሮ ሠሪ ነው፤ ሳጥን፣ ባልዲ፣ የውዱእ ውሃ መያዣ ኩስኩስት ይሠራል። እኔ በሠራው ላይ ስቲከር እለጥፋለሁ። የሱ መዶሻና የኔ ጠረጴዛ አንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። በታኅሣሥ ከተመላሾቹ ጋር ከጅዳ ከመጣሁ ወዲህ ሌላ ያገኘሁት ነገር የለም። ስቲከር መቁረጥ የተማርኩት እዚያው ነው። ሱቅ ተቀጥሬ ነው ብያለሁ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ።

እህቴ ጠይባ አሥረኛ ክፍልን ተፈትና ነጥብ አልመጣላትም። ጠሃ የሚባል የአቀስታ ደላላ በአፋር በኩል አሻግሮ፣ ከዚያ በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳዑዲ አስገባታለሁ ብሏታል። መንግሥት ጉዞውን ከዘጋው ወዲህ ያለው መንገድ ይኸው ነው። አባዬ ቁርአን የሚያስተምሩ አስቀሪ ናቸው፤ ሸህ ሙሐመድአሚን ሲባሉ አገር ያውቃቸዋል። ሂጂም አላሏት፣ አትሂጂም አላሏት። "አላህ የመረጠላትን" ብለው ተዉት።

እኔ ግን ለመንኳት። ትናንት ይህን አለችኝ፤ "እስከ ኢድ እጠብቃለሁ። ለሁለት የሚበቃ ሥራ ካገኘሽ ካንቺ ጋር እቆርጣለሁ። ካላገኘሽ ግን እንዳትይዥኝ።"

ለኢድ ሁለት ወር አለን።

ግንቦት 21

ደሴ ደርሼ መጣሁ። ወገቤ የለም።

ሁለት ዓይነት ይዣለሁ። አንደኛው ታትሞ የሚሸጠው የወረቀት ስቲከር ነው። ጽጌረዳው፣ ወፉ፣ መስጊዱ በየቀለሙ ተዥጎርጉሮ፤ ጀርባውን ልጦ መለጠፍ ብቻ ነው። ሁለተኛው ባለ አንድ ቀለም የላስቲክ ጥቅል ነው፣ አረንጓዴና ወርቅማ። እሱን ንድፍ አስቀምጬ በምላጭ እኔው እቆርጠዋለሁ። አንዱ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል። የወረቀቱ ግን ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ያልቃል።

ጠይባ የወረቀቱን አገላብጣ አየችና "ይሄ ካለማ አንቺ ምን ታደርጊያለሽ? ማንም ገዝቶ ይለጥፈዋል" አለች። ተናደድኩባት። ልክ ስለሆነች ነው የተናደድኩት።

ግንቦት 22

ከአራጋው ስድስት ቁራጭ ቆርቆሮ ተቀበልኩ። ሦስቱ ላይ የወረቀቱን፣ ሦስቱ ላይ የላስቲኩን ለጠፍኩ። ሁለቱን ጣሪያው የሚያንጠባጥብበት፣ ሁለቱን ፀሐይ ላይ፣ ሁለቱን ማጠቢያው አጠገብ አስቀመጥኩ። ማጠቢያው ጋ ያሉትን በቀን ሦስቴ በእጄ አሻቸዋለሁ፣ ሙቅ ውሃም አፈስባቸዋለሁ።

አራጋው "ፈተና አስቀመጥሻቸው" ብሎ ሳቀ።

ግንቦት 27

የዝናቡ፦ ወረቀቱ በሦስተኛው ቀን ጥጉ ተነሳ፣ በአምስተኛው ተንጠለጠለ። ላስቲኩ ምንም።
የፀሐዩ፦ የወረቀቱ ቀይ ወደ ሮዝ ሄዷል። ላስቲኩ ያው ነው።
የሙቅ ውሃው፦ ወረቀቱ እንደ ተቦካ ሊጥ ሆኖ እጄ ላይ ቀረ። ላስቲኩን በጥፍሬ ሞከርኩት፤ ጥፍሬ ተመለሰ።

አራጋው ቁራጩን ወደ ብርሃን ይዞ አየው። "ቆርቆሮው ይዝጋል እንጂ ይሄስ አይለቅም" አለ። ከዚያ ደግሞ "የጅዳው ሱቅ በማሽን ነበር አይደል የሚቆርጠው? ማሽኑ ምን ይባላል?" አለኝ።

"ብዙ ዓይነት ነው" ብዬ ወደ ጥቅሌ ዞርኩ። አራጋው ክፉ ሰው አይደለም፤ ጠያቂ ነው እንጂ።

ላስቲኩን መርጫለሁ። የሚያደክመውን መርጫለሁ ማለት ነው። ማንም ገዝቶ የማይለጥፈው ስለሆነ።

ሰኔ 2

አልሐምዱሊላህ። ሥራ መጣ።

እትዬ ኡምኩልሱም ሦስት ወንዶች ልጆች አረብ አገር ያሏቸው፣ ቤታቸው ከሩቅ የሚታይ ሴትዮ ናቸው። ለረመዳን ስልሳ ኩስኩስት ለገጠር መስጊዶችና ቁርአን ለሚቀሩ ደረሳዎች ሊሰጡ አስበዋል። አራጋው ይሠራል፣ እኔ አስጌጣለሁ።

"የኔ ሶደቃ ራቁቱን አይሄድም። የሚያምር ነገር አርጊበት፤ ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ፣ አገር ያየሽ ነሽ" አሉኝ። ሊወጡ ሲሉ ደግሞ "ካማረኝ ለመውሊድ የሳጥን ሥራ አለኝ። ብቻሽን አትችይውም፤ እህትሽን ታስገቢያታለሽ" አሉ።

እህትሽን አሉ። እኔ ሳልጠይቃቸው። ቤት ስደርስ ለጠይባ ነገርኳት። "ካማራቸው" አለች።

ሰኔ 3

ምን ልቁረጥ? አበባ ማንም ያደርጋል።

ቢስሚላህ እቆርጣለሁ፣ በወርቅማው። ለውዱእ ሲነሱ የሚባለው እሱ አይደል? ውሃውን ሊያፈሱ ሲሉ ከእጃቸው ሥር ያነቡታል። ንድፉን ደግሞ አባዬን አስጻፍኳቸው። ጽሕፈታቸውን የሚያህል በዚህ አገር የለም። ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም፤ ሲያዩት ይግረማቸው ብዬ። እሳቸውም አልጠየቁም። ሸንበቆ ብዕራቸውን ነክረው ጻፉልኝና ወደ ደረሳዎቻቸው ተመለሱ።

ሰኔ 6

አሥራ አራት ቆርጫለሁ። መብራት የለም። ደመናው ከሳይንት በኩል ገብቶ ጠረጴዛዬን አጨለመው፤ በር ላይ ተቀምጬ ቆረጥኩ። አውራ ጣቴን ቆረጥኩት። ደሙ ጽሕፈቱን ስለነካው አንዱን ጣልኩ፤ ጣልኩ ስል አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። አይጣልም እሱ።

ሰኔ 7

ሃያ አንድ። አራጋው ቀድሞኛል።

ሰኔ 10

ጠሃ መጣ። ንጹሕ ጫማ አድርጎ፣ ጭቃውን እየዘለለ። ከጠይባ ጋር በር ላይ ቆመው አወሩ። ወደኔ መጥቶ በአረብኛ ሰላም አለኝ፤ በአረብኛ መለስኩለት። "ማሻአላህ፣ የጅዳ ልጅ መስለሽ ነው የምታወሪ። ይሄ አረብኛ እዚህ ይባክናል" አለኝ። ከሄደም በኋላ ቃሉን ደጋግሜ አሰብኩት። ጥሩ አረብኛ መቻል ነውር አይደለም።

ማታ ጠይባ አጠገቤ መጥታ ተኛችና "ባሕሩን ንገሪኝ" አለች። ትንሽ ሆና በስልክ እነግራት ነበር። ዛሬም ነገርኳት። መብራቱ ውሃው ላይ ሲወርድ፣ ሰዉ ምንጣፍ አንጥፎ ዳር ዳሩን ሲቀመጥ፣ ልጆች እግራቸውን ሲነክሩ። አሳምሬ ነገርኳት። እንዳትሄድ እየለመንኩ ለምን አሳምሬ እንደምነግራት አላውቅም። አንደበቴ ለምዶታል መሰለኝ።

ሰኔ 13

አርባ ሦስት። ዛሬ አንዷ ተመላሽ ሱቁ በር ላይ ቆማ "ጅዳ የት ሰፈር ነበርሽ?" አለችኝ። ምላጩን በአፌ ስለያዝኩ መልስ መስጠት አልቻልኩም። ጥሩ ሆነ።

ሰኔ 16

ስልሳ። ሁሉም አለቀ።

ቆሜ አያቸው ነበር። አራጋው አፋቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙሮ ደርድሯቸዋል። ቆርቆሮው ነጭ፣ ጽሕፈቱ ወርቅማ፣ የአባዬ እጅ ስልሳ ጊዜ። አንድም ጥግ አልተነሳም፣ አንድም የአየር እብጠት የለም። በሕይወቴ አንድ ነገር ጀምሬ ሳልሰበር ስጨርስ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ጠይባ አንዱን አንሥታ በጣቷ ተከተለችው። "ያምራል" አለች። ከሷ ይህን መስማት ቀላል አይደለም። "ይሄን የወርቁን መቁረጥ እኔም እችላለሁ?" አለችኝ።

ትችያለሽ አልኳት። ያለ ምክንያት ሳቅሁ። ነገ እትዬ ኡምኩልሱም ግቢ ይወሰዳሉ፤ አባዬ ዱዓ ሊያደርጉባቸው ተጠርተዋል።

ሰኔ 17

መጻፍ አልፈልግም። ግን እጽፈዋለሁ።

ኩስኩስቶቹ በሲሚንቶው ላይ ተደርድረው፣ ሰዎች ተቀምጠው፣ አባዬ ገቡ። አንዱን አነሱ። ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ የራሳቸው ጽሕፈት መሆኑን ሲያውቁ ፊታቸው በራ። አየሁ፣ በራ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጠፋ።

"ልጄ" አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ደረሳው ለሱብሒ ሶላት ሲነሳ ይሄን ይዞ መጀመሪያ የት ነው የሚገባ?"

ኩስኩስቱን ከእጃቸው ተቀበልኩ።

ሽንት ቤት ነዋ። በዚህ አገር ሰው ሁሉ ኩስኩስቱን ይዞ ነው ሽንት ቤት የሚገባው፤ ታጥቦ ሲወጣ በተረፈው ውዱእ ያደርጋል። እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ የአስቀሪ ልጅ ሆኜ፣ ይህን ረሳሁ። ጅዳ ውሃው ከግድግዳ ነው የሚወጣው። ስምንት ዓመት ከግድግዳ ሲወጣ ያየሁት ውሃ ጭንቅላቴን አጥቦታል። የአላህን ስም፣ በአባቴ እጅ፣ ስልሳ ሽንት ቤት ላስገባ ነበር።

እትዬ ኡምኩልሱም ብድግ አሉ። "አስተግፊሩላህ። በኔ ሶደቃ?" ሰዉ አጉረመረመ። አባዬ "አላወቀችም፤ ሳይሰጥ መታየቱ ራሱ የአላህ ረሕመት ነው" አሉላቸው። ሴትዮዋ ወደኔ ዞሩና "በሦስት ቀን ውስጥ አጽድተሽ አምጪ። አለዚያ ከደሴ የፕላስቲክ ኩስኩስት አስጭናለሁ" አሉ። ስለ መውሊዱ ሳጥን ምንም አላሉም። እኔም አልጠየቅኩም።

ሰኔ 18

አይለቅም።

ምላጭ ቆርቆሮውን ይቧጭረዋል። አሸዋ ያደበዝዘዋል። ጥፍር ይመለሳል። ያ የኮራሁበት ላስቲክ። የወረቀቱን ለጥፌ ቢሆን አንድ ባልዲ ሙቅ ውሃ ይበቃኝ ነበር፤ ሁሉም በአንድ ጠዋት ያልቅ ነበር። ደካማውን ንቄ ጠንካራውን መረጥኩ፤ አሁን ጠንካራው ጉሮሮዬን ይዞኛል።

አራጋው አንገቱን ደፍቶ "እኔ ምኑን አውቄ። የሃይማኖታችሁ ነገር ነው፣ እናንተ ታውቃላችሁ ብዬ ተውኩት" አለ። ምን ላድርገው። አብሽር፣ አይዞህ አልኩት።

ከሱቁ ጀርባ ሁለት ሴቶች ሲያልፉ ሰማሁ፤ "አረብ አገር ኖራ ሽንት ቤት በምን እንደሚገባ ረሳችው።" ሳቁ። እኔም በሌላ ሰው ቢሆን እስቅ ነበር።

እስከ አሥር ሰዓት ስድስት ብቻ አጸዳሁ፤ ሁለቱ ተቧጭረዋል።

አንድ መንገድ አውቃለሁ። እጄ ያውቀዋል። ግን ሰው እያየኝ እንዲያ መሥራት አልፈልግም። ነገ አራጋው ሳይገባ እጀምራለሁ።

ሰኔ 19

ገና ሳይነጋ ውሃ አፈላሁ። ኩስኩስቱን በውስጡ በፈላ ውሃ እሞላለሁ፤ ቆርቆሮው ሲግል ሙጫው ከጀርባ ይለሰልሳል። ላዩን በጨርቅ ዘይት እቀባለሁ። እጠብቃለሁ። ከዚያ በአውራ ጣት ከአንድ ጫፍ፣ በጣም ቀስ። ከቸኮሉ ይበጠሳል፣ ሙጫው ይቀራል። ቀስ ካሉ ሙሉውን ይመጣል።

ጠይባ ተከትላኝ መጥታ ኖሯል። ውዱእ አድርጋ ትይዩዬ ተቀመጠች፤ የሚላጠውን የምናኖርበት ንጹሕ ነጠላ አነጠፈች። አንዱን አየች፣ ሁለተኛውን አየች፣ ሦስተኛውን እሷ ያዘች። አሥር ያህል ላጥን። ከዚያ ዓይኗን ሳታነሳ፤

"ይሄን ማስለቀቅ የት ተማርሽ?" አለች። "ስቲከር ሱቅ ይለጥፋል እንጂ ያስለቅቃል?"

የሆነ መልስ ነበረኝ። ሁልጊዜ አለኝ። ዛሬ ግን እጄ ኩስኩስቱ ላይ ነበር፣ ውሃው ሊቀዘቅዝ ነበር፣ ሌላ ውሸት ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም።

"ሱቅ ሠርቼ አላውቅም" አልኳት።

ነገርኳት። የሰው ቤት ሠራተኛ ነበርኩ፤ የማዳሟ ልጆች ስቲከር በሩ ላይ፣ ፍሪጁ ላይ፣ አልጋው ላይ ይለጥፉ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ እንግዳ ከመምጣቱ በፊት መጽዳት አለበት። ቢላ አይፈቀድም፣ ይጭራል። በጥፍር ነው። ካልጨረስኩ እራት የለም፤ ክፍሌ ከውጭ ይቆለፋል። ዘይቱንና ሙቀቱን ያገኘሁት ጥፍሬ ከተነቀለ በኋላ ነው። መቁረጡንም የተማርኩት ልጆቹ ሲተኙ የትምህርት ቤት ሥራቸውን እየሠራሁላቸው ነው።

"ባሕሩስ?"

"አላየሁትም።"

"ስምንት ዓመት?"

"የገባሁ ዕለት ሌሊት ነበር። የወጣሁ ዕለት ደግሞ ከእስር ቤት በአውቶቡስ፣ መስኮቱ በፍርግርግ። የነገርኩሽን ባሕር በቴሌቪዥን ነው ያየሁት፣ ወለል ስወለውል።"

"ወርቅ አጥልቀሽ እየሳቅሽ የላክሽልን ፎቶስ? ወርቁ?"

"የማዳሟ ነው። ፎቶው እንዳለቀ አወለቀችው።"

ጠይባ አላለቀሰችም። የያዘችውን እስከ ጫፉ ላጠችና ነጠላው ላይ አኖረችው። "ታዲያ ለምን ሳቅሽበት?" አለች።

እንዳይከፋችሁ ብዬ ነው አልኳት። ውሸት ነው። እኔን እንዳይከፋኝ ነው የሳቅኩት። ይህን ግን አልነገርኳትም፤ እዚህ ብቻ ጻፍኩት።

አራጋው ሲገባ ሠላሳኛው ላይ ነበርን። ምንም ሳይጠይቅ እሳቱን አያይዞ ውሃ ያቀብለን ጀመር። አመሻሽ ላይ አለቀ። የጠይባ አውራ ጣት ደምቷል። እጇን ይዤ አለቀስኩ።

ሰኔ 20

በባዶው ላይ ሐረግ ለጠፍንበት፣ አረንጓዴ ቅጠል ብቻ። ቀላል ነው፣ ጠይባም ቆርጣለች። እትዬ ኡምኩልሱም አንድ በአንድ እያገላበጡ ተቀበሉ። "አላህ ይቀበለው" አሉ። ስለ ሳጥን ዛሬም ምንም የለም።

አባዬ ነጠላውን እንደታሰረ ተቀብለው፣ ዶማ ይዘው መስጊዱ ጓሮ ማንም የማይረግጠው ቦታ ቀበሩት። እኔ ቆሜ ነበር። አፈሩን ከመለሱ በኋላ "ጻፉልኝ ስትይኝ ለምን እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ" አሉ። ዶማውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው "መጠየቅ ልማዴ አይደለም። በብዙ ነገር በድዬሻለሁ" አሉኝ።

ጠይባ ነግራቸዋለች ማለት ነው? አላውቅም። እጃቸውን ሳምኩና ቤት ገባን።

ሐምሌ 4

ጾም ላይ ነን። ዝናብ፣ ጭቃ፣ ብርድ። ሥራ የለም። ወሬው ከኔ ቀድሞ አጅባር ደርሷል፤ ከዚያ የመጣ ነጋዴ አራጋውን "ያቺ የሽንት ቤቷ ልጅ እዚህ ናት?" ብሎ ጠየቀው አሉ።

ጠይባ ስለ መሄድም ስለ መቅረትም አታወራም። አኩርፋ አይደለም፣ እያሰበች ነው። ስለ መሄድም ስለ መቅረትም አታወራም። እኔም ለመጠየቅ ፈራሁ። የነገርኳት ነገር ይይዛት እንደሆነ ወይስ "እሷ ችላው የለ፣ እኔም እችላለሁ" ያሰኛት እንደሆነ ማወቅ አልቻልኩም። ሌሊቱን እሱን ነው የማወጣ የማወርደው።

ጠሃ በኔ ስልክ ደወለ። እሷን ፈልጎ ነው። ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፣ መለስኩለት። ቁጥሩን መዘገብኩት፤ እሱ መሆኑን አውቄ እንዳላነሳ ነው።

ሐምሌ 13

ብርሀንነሽ የምትባል ሻይ ቤት ያላት ሴት መስታወቷ ላይ ስሟን አስቆረጠችኝ። አንድ ስም ለአንድ ሰው እንኳ አይበቃም። ጠይባ ቆረጠችው፤ ሁለቱ ፊደል ተንጋዷል። ብርሀንነሽ "ግድ የለም፣ ሻዬም እንዲሁ ነው" ብላ ሳቀች። እኔ ግን ቀናቱን እየቆጠርኩ ነበር።

ሐምሌ 19

ጠሃ አቀስታ ሰው እየሰበሰበ ነው። የኢዱ ማግስት መልስ ይፈልጋል። እትዬ ኡምኩልሱምን መንገድ ላይ አገኘኋቸው፤ ሰላም ብለውኝ አለፉ።

ሐምሌ 22

ትናንት ኢድ ነበር። ሰገድን፣ ተጠያየቅን፣ በላን። ጉዞውን ማንም አላነሳም።

ዛሬ ጠዋት ጠይባ ሱቅ መጣች። ጠረጴዛውን አየች፣ ያልተነካውን ጥቅል አየች። "ሥራሽ ለሁለት አይበቃም" አለችኝ።

"አይበቃም" አልኳት። ሳልዋሽ።

ስልኬን ከጠረጴዛው አንስታ ሰጠችኝ። "ቢሆንም ለጠሃ ንገሪው። እኔ ከነገርኩት ያግባባኛል። ከውጭ የሚቆለፍ ቤት አልሄድም በይው።"

በደስታ ደወልኩ፤ ድምፁን ለሷ እንዲሰማ አድርጌ ያዝኩት። ነገርኩት። ጥቂት ተከራከረኝ፣ ምን ተገኘ ብላችሁ ነው አለኝ፣ ሌላ ሴት ቦታዋን በደስታ ትወስዳለች አለኝ። አልሰማሁትም። ከዚያ ድምፁን ለሰለስ አደረገ።

"እሺ፣ እሷ ትቅር። አንቺስ ኑርጃን? ላንቺ እንግዳ አገር አይደለም። ቋንቋውን ትችያለሽ። አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ያሉበት ቤት ነው፣ ልጅ የለበትም፣ በር የሚቆልፍብሽ የለም። እዚህ ቆርቆሮ ላይ ቅጠል ስትለጥፊ ልትሞቺ ነው?"

የአራጋው መዶሻ ቆመ። ዝናቡ ጣሪያው ላይ ይወርድ ነበር። ጠሃ "አለሽ?" አለ። አለሁ አልኩት።

ጠይባ ስልኩን ከእጄ ወሰደች።

"እሷም አትመጣም" አለችውና ዘጋችው።

እኔ ገና መልስ አልሰጠሁትም ነበር።